ከናፖሊ ወደብ በእግር ለሚወጡ መንገደኞች፦ ጥያቄና መልስ

በመጪዎቹ ወራት የሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞ የያዙ አባላት ስለበዙ፣ 19 ዓመት በናፖሊ የኖሩትና ከመርከብ የሚወርዱ እንግዶችን በእግር እያስጎበኙ የሚተዳደሩት አባላችን ጥያቄዎቻችሁን ለመመለስ ፈቃደኛ ሆነዋል።

መላሹ፦ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። በዚህ ወደብ መፍራት ያለባችሁ አንደኛ የመርከቡን ሰዓት፣ ሁለተኛ ተሽከርካሪውን፣ ሦስተኛ ሌባውን ነው። ሰው ሁሉ ሌባን ብቻ ፈርቶ ይመጣል፤ እኔ በዓይኔ ያየኋቸው የተበላሹ ጉብኝቶች ግን አብዛኞቹ በሰዓትና በሞተር ሳይክል የተበላሹ ናቸው። ስልክ በእጅ ይዞ በመንገድ ጠርዝ መቆም ደግሞ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ይጠራል። ይህን ደጋግሜ ስለምናገር ከወዲሁ ታገሡኝ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ጋሼ፣ ናፖሊ ደህና ከተማ ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ ወዴት እንደሚሄዱ ይንገሩኝ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ይቅርታ ይደረግልኝ። መርከባችን ጠዋት ገብቶ 18፡00 ላይ ይነሣል። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ነን፤ ልጆቹ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። ታክሲም አውቶቡስም ሳንይዝ በእግራችን ብቻ መዞር እንፈልጋለን።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። መርከቡ የሚቆመው ሞሎ አንጆይኖ በሚባለው የወደብ ክንድ ላይ፣ ከመሀል ከተማው ፊት ለፊት ነው። ከመንገደኞች ጣቢያው ስትወጡ ግራጫ ክብ ግንቦች፣ ከእነርሱም በሁለቱ መካከል ነጭ የእብነ በረድ ቅስት ያለው ካስቴል ኑዎቮ ይታያችኋል። እ.ኤ.አ. በ1279 መሠራት የጀመረ ቤተ መንግሥት ነው፤ ለእናንተ ግን ዋናው ጥቅሙ የመመለሻ ምልክት መሆኑ ነው። ስልካችሁ ቢጠፋ፣ ቋንቋው ባይገባችሁ እንኳን ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወርዳችሁ ግንቡን ብትፈልጉ መርከባችሁን ታገኛላችሁ። ይህን ለልጆቹም ገና ስትወጡ በጣት አሳዩአቸው።

ከበሩ እስከ ግንቡ ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በእነዚሁ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሁሉም ከበሩ እንደ ወጣ ቆሞ ካርታ ይከፍታል፣ ፎቶ ያነሣል፣ «ታክሲ፣ ፖምፔይ» የሚለውን ደላላ ለማናገር ይዞራል። ቁርስ ላይ ሳላችሁ ካርታውን አጥንታችሁ፣ ስልኩን ኪስ ከታችሁ፣ የምታውቁት ቦታ እንደምትሄዱ ሆናችሁ ውጡ።

ቀጥሎ የሚጠብቃችሁ ሰፊውን የወደብ ጎዳና መሻገር ነው። እዚህ አገር ዜብራ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የሚቆም አሽከርካሪ ጥቂት ነው፤ እግሩን አስገብቶ መራመድ ለጀመረ ሰው ግን ያቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ርቀቱ በቂ መሆኑን ካያችሁ በኋላ፣ አሽከርካሪውን ዓይን ለዓይን እያያችሁ በተመሳሳይ ፍጥነት ተራመዱ። መሮጥም ሆነ መሀል ላይ ደርሶ ወደ ኋላ መመለስ አይገባም፤ ምክንያቱም ባለሞተሩ እናንተ የት እንደምትደርሱ ገምቶ ከኋላችሁ ሊያልፍ አስቦ ይሆናል። መኪናው ቆመ ማለትም መንገዱ ተለቀቀ ማለት አይደለም፤ ቬስፓው ከቆመው መኪና ጎን ሾልኮ ይመጣል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተወለዱ ልጆች ግን ፈጽሞ አዲስ ነገር ነውና እጃቸውን ያዙ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ መንገዱ የተነጠፈበት ጥቁር ድንጋይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አይሁን።

ከግንቡ በኋላ ሳን ካርሎ ቲያትር፣ ጋሌሪያ ኡምቤርቶ፣ ፕሌቢሺቶ አደባባይ፣ ከዚያ ቪያ ቶሌዶ ሁሉም ተያይዘው ይገኛሉ። ለአንድ ቀን ይበቃችኋል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ወደ መርከቡ ለመመለስ ስንት ሰዓት መነሣት ይገባናል?

መልስ፦ የመጨረሻው መግቢያ ሰዓት ተብሎ ከተጻፈው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ በር ላይ ሁኑ። የመርከቡን ሰዓት እንጂ የስልካችሁን ሰዓት አትመኑ፤ ከግሪክ ወደ ጣሊያን ስትመጡ የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ፤ ስልኩ ራሱን ሲቀይር መርከቡ ላይቀይር ይችላል።

የእኛ የሐበሾች የራሳችን አደጋም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ጠዋት ከልጃቸው ሲለያዩ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግንቡ ሥር እንገናኝ» አሏት። እርሳቸው የተናገሩት በእኛ አቆጣጠር ነበር። በአሜሪካ ያደገችው ልጅ ግን ረፋድ 11 ላይ መጥታ ጠበቀች፣ ሲቀሩባት ደነገጠች፣ ልትፈልጋቸውም ወደ ስፓኒሽ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ገባች። አባትየው ከሰዓት በኋላ ደርሰው ሲያጧት እርሳቸውም በተራቸው ፍለጋ ወጡ። የተገናኙት በሩ ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስለዚህ «17፡00» ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ስጡ፤ በአፍ አትቀጣጠሩ።

መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የሄደ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በእግሩ የወጣውን አይጠብቅም። በየቀኑ ክፍላችሁ በሚደርሰው ፕሮግራም ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ ይጻፋል፤ ከመውጣታችሁ በፊት እርሱንም ገልብጣችሁ ያዙት።

አስተያየት (ከቶሮንቶ)፦ ስለ ሌባ ማብዛት አያስፈልግም ባይ ነኝ። እኛ መርካቶ ያደግን ሰዎች ነን፤ ኪስ አውላቂን በጠረኑ እናውቀዋለን።

አስተያየት (ከሮም)፦ ይህን ሲሉ የሰማኋቸው ሁሉ ቦርሳቸውን አስረክበው ተመልሰዋል። መፍትሔው ቦርሳን በአንገት አሳልፎ በደረት ላይ ማንገት ብቻ ነው።

አስተያየት (ከቶሮንቶ)፦ በአንገት ያለፈ ማንገቻ ባለሞተር ሲጎትተው ሰውን አብሮ ይጎትታል። ከመውደቅ ቦርሳ ማጣት ይሻላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። መርካቶ ላይ ሌባው እግረኛ ነው፤ ይጋፋችኋል፣ ትንፋሹ ይሰማችኋል። እዚህ ያለው ነጣቂ በስኩተር ላይ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ ይወስዳል። የሚመርጠውም ሦስት ነገር ነው፦ በመንገዱ ወገን የተንጠለጠለ ቦርሳ፣ ካርታ ለማየት ወደ ፊት የተዘረጋ ስልክ፣ በካፌ ውጭ ወንበር ጀርባ ላይ የተሰቀለ ማንገቻ። እኔ ራሴ እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የእኅቴን መልእክት በመንገድ ጠርዝ ቆሜ ሳነብ ስልኬ ከእጄ ሄደ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ናፖሊ ውስጥ ሞተር የማይሰማበት ሰዓት ስለሌለ ቀና አላልኩም። እጄ ለአፍታ እንደ ተዘረጋ ቀረ፤ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረስኩትም ነበር።

ስለዚህ ቦርሳው ይነገት፣ ነገር ግን በግድግዳው ወገን ይሁን፣ ከላዩም ጃኬት ወይም ነጠላ ይደረብበት፤ የማይታይ ማንገቻ አይጎተትም። ውስጡ ከገንዘብ የዕለቱን ብቻ የያዘ ከሆነ ለመልቀቅ አይከብዳችሁም። ከተጎተተ ልቀቁት። መታገል ወደ አስፋልት ያስወጣል፤ ያ ደግሞ ወደ ሁለተኛው አደጋ መግባት ነው። የእግረኛ መንገድ በሌላቸው ጠባብ ሰፈሮች ሞተር ስትሰሙ ግድግዳ ተጠግታችሁ አሳልፉ። የምትጮኹ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ «ቦርሳዬን!» ብትሉ እንኳን ይገባቸዋል፤ ቃሉን የወሰድነው ከእነርሱ ነው።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ በእግር ለመዞር ናፖሊ አስተማማኝ ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጥያቄ (ከሃይፋ)፦ በጉዞው እናቴን ይዤ እመጣለሁ፤ 68 ዓመታቸው ነው። የወርቅ ሀብልና መስቀላቸውን ከአንገታቸው አላወልቅም ይላሉ። ምን ልበላቸው?

አስተያየት (ከዳላስ)፦ መስቀል አይወልቅም፤ ትክክል ናቸው። እምነት ነው።

አስተያየት (ከሮም)፦ እምነቱ በማተቡ ነው እንጂ በወርቁ አይደለም። ክሩን ማን ይወስዳል?

መልስ፦ የሃይማኖቱን ክርክር ለአባቶች እንተወው። የእኔ ጉዳይ አንገታቸው ነው። ሀብል በሞተር ሲነጠቅ ቆዳ ይቆርጣል፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ደግሞ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል፤ የዳሌ ስብራት ከወርቁ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከልብስ በታች መደበቁ ይረዳል፤ ሰንሰለቱ በማጅራት በኩል መታየት የለበትም። እጅግ የሚሻለው ግን በማተባቸው መውጣታቸውና ወርቁን በመርከቡ ክፍል ካዝና መተዋቸው ነው።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ፓስፖርት ይዘን እንውጣ ወይስ ቅጂ?

መልስ፦ መርከቡ ፓስፖርቱን ይዞት ከሆነ ጥያቄው የለም። በእናንተ እጅ ከሆነና ያዙ ካላሉ፣ ባለ ቀለም ቅጂና የመርከቡን ካርድ ይዛችሁ ውጡ። ፖሊስ ቢጠይቃችሁ በእርጋታ ሁለቱንም አሳዩ። እኛን ከሌላው ጎብኚ ይልቅ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ፤ ያስከፋል፣ ነገር ግን በጎዳና ላይ የሚከራከሩበት ሰዓት አይደለም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ። መርከቡ ቱርክ ደርሶ ወደ ጣሊያን ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይበቃኛል?

መልስ፦ ከሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል፣ ወጥቶ ዳግም ለሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ ያለውን ቪዛ የሚሰጣችሁን ቆንስላ ጠይቁ፤ እኔ የእግር መንገድ ሰው ነኝ።

ጥያቄ (ከሜልበርን)፦ የጥንቱን የፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ በራሳችን በባቡር አይተን መመለስ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ከሙኒቺፒዮ የምድር ባቡር ጣቢያ በመስመር 1 እስከ ጋሪባልዲ፣ ከዚያ ቺርኩምቬዙቪያና በሚባለው የሶሬንቶ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። የምትወርዱት «ፖምፔይ ስካቪ፣ ቪላ ዴይ ሚስቴሪ» ላይ ነው፤ በሌላ መስመር «ፖምፔይ» የሚባል ጣቢያ ስላለ ስሙን ጽፋችሁ ያዙ። ባቡሩ ይጨናነቃል፤ ኪስ አውላቂ የሚሠራው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ በበሩ አጠገብ ባለው ግፊያ ውስጥ ነው። እኔ እንግዶቼን ባቡሩ ከሚነሣበት ከፖርታ ኖላና አሳፍራቸዋለሁ፤ መቀመጫ የያዘ ሰው ኪሱን ይጠብቃል። የሠራተኛ አድማ ካለ አስቀድሞ ይነገራል፤ ከዋዜማው አጣሩ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ወንድሜ ባለፈው ዓመት አንድ ሰው አዲስ አይፎን በ150 ዩሮ ሊሸጥለት እንደ ነበር ነገረኝ። እውነት ይሆናል?

መልስ፦ እውነተኛውን ስልክ በእጃችሁ ያስይዟችኋል፣ ትከፍታላችሁ፣ ይሠራል። ገንዘቡን ስትቆጥሩ ተመሳሳይ ሳጥን ይለዋወጣል። መርከብ ላይ ስትከፍቱት በልኩ የተቆረጠ ሸክላ ወይም እንጨት ታገኛላችሁ። እዚህ «ፓኮ» ይሉታል፤ የአገሩ ሰው ራሱ ይቀልድበታል። ከመንገድ ምንም አትግዙ፤ ሐሰተኛ የንግድ ምልክት ያለበት ቦርሳ የገዛ ሰው ራሱ እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል።

ጥያቄ (ከቦስተን)፦ በዚያው መንገድ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት ነገር አለ?

መልስ፦ ይህን የሚጠይቅ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። የምትወርዱበት ወደብ ራሱ አለ። የመንገደኞች ጣቢያው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ በ1935 ወደ አገራችን የዘመቱ ብዙ ወታደሮች የተሳፈሩት ከዚሁ ወደብ ነው። የአክሱም ሐውልትም ተቆራርጦ «አድዋ» በሚባል መርከብ ከምጽዋ ተጭኖ በማርች 1937 የተራገፈው እዚሁ ናፖሊ ነው፤ ወደ ሮም የሄደው ከዚህ በየብስ ነው። የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 በአውሮፕላን፣ ቆሞ የተመረቀው ደግሞ በ2008 ነው። ምንም ምልክት አትጠብቁ፤ እኔ እንግዶቼን ከመርከቡ መውጫ ራቅ ወዳለው ጥላ ወስጄ፣ ባሕሩን አሳይቼ በቃል ነው የምነግራቸው። ፎሪግሮታ በሚባለው ሰፈርም በ1940 ለተከፈተው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን የተሠራ የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ አምሳያ አለ፤ ነገር ግን ከወደቡ በእግር የሚደረስበት አይደለም፣ አትሞክሩት። ታክሲ ከያዛችሁ ነጩንና የከተማውን አርማ የያዘውን ያዙ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም «ታሪፋ ፕሬዴተርሚናታ» ብላችሁ የተወሰነውን ዋጋ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ መንገዱን ላለመሳት ካርታውን በስልክ ከፍቼ በእጄ ይዤ ብሄድስ?

መልስ፦ ይህ ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ እንደ ሆነ መቁጠሩን ትቻለሁ። አይያዙ። መንገድ ከጠፋብዎ ሱቅ ወይም ቡና ቤት ግቡና ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይመልከቱ። ከተነጠቁ በ112 ይደውሉ፤ ከዚያ ለመድን ድርጅትዎ የሚሆን «ዴኑንቻ» የሚባለውን የአቤቱታ ወረቀት ካራቢኒየሪ በሚባሉት ፖሊሶች ዘንድ ያስጽፉ፤ መርከብዎ የሚነሣበት ሰዓት ከደረሰ ግን ወረቀቱን ትተው ይሂዱ።

ጥያቄ (ከሃይፋ)፦ እናቴ ተስማምተዋል፤ በማተባቸው ይወጣሉ። አሁን ደግሞ የመርከቡን ካዝና አላምንም፣ ሠራተኞቹ ይከፍቱታል እያሉ ነው።

መልስ፦ ምስጢር ቁጥሩን እርሳቸው ብቻ ይምረጡ፣ ለእርስዎም አይንገሩ። ብቻ የልደት ዓመታቸውን አያድርጉት።