ከኡበር ገቢ ሚስት ስፖንሰር ማድረግ፦ 1099 ላይ ያለው ቁጥር ገቢህ አይደለም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄው ላመለጣቸው ባጭሩ ልድገመው፦ ቨርጂኒያ ነህ፣ ሲቲዝን ነህ፣ ኡበርና ሊፍት ትነዳለህ፣ ባለቤትህ አዲስ አበባ ናት። ካምፓኒዎቹ የላኩልህ የ2024 የገቢ ወረቀት (1099) 58,400 ዶላር ይላል፤ የቪዛ ሰነዶችን የሚያየው የአሜሪካ መንግሥት ቢሮ (ኤንቪሲ) ግን ገቢህ የሚበቃ አይመስልም አለህ። «ለሁለት ሰው የሚፈለገው 26,437 ነው፣ እኔ እጥፉን ነው የምሠራው፣ ምን ነካቸው?» ነው ያልከው። ምንም አልነካቸውም። ሁለቱም ቁጥሮችህ ልክ አይደሉም።

1ኛ፦ የቤተሰብ ቁጥር። «ልጄ ሜሪላንድ ከእናቷ ጋር ስለምትኖር እኔና ባለቤቴ ሁለት ነን» ብለሃል። ሦስት ናችሁ። ያላገባችና ከ21 ዓመት በታች የሆነች ልጅህ አብራህ ባትኖርም፣ ታክስ ላይ የምትይዛት እናቷ ብትሆንም፣ አይ-864 (የስፖንሰርነት ፎርሙ) ላይ ትቆጠራለች። ስለዚህ በ2025 ሰንጠረዥ የሚጠበቅብህ 33,312 ዶላር ነው። ይህ የድህነት መስመሩ 125 በመቶ ነው፤ 100 በመቶ የሚበቃው በሥራ ላይ ላለ ወታደር ብቻ ነው። ከዚህ በፊት እናትህን ወይም ሌላ ሰው በዚሁ ፎርም አምጥተህ ከሆነ፣ ሲቲዝን እስኪሆኑ ወይም 40 ኳርተር (ወደ 10 ዓመት የሚሆን የሥራ ጊዜ) እስኪሞላላቸው ድረስ እነሱም ይደመራሉ፤ በአንድ ሰው 6,875 ዶላር ይጨምራል። ሰንጠረዡ (አይ-864ፒ) በየዓመቱ ስለሚታደስ፣ ፎርሙን በምታስገባበት ቀን የሚሠራውን አይ-864ፒ አውርደህ እይ እንጂ ሰው የነገረህን ቁጥር አትያዝ።

2ኛ፦ ገቢ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሂሳብ ነው። ካምፓኒው የወሰደው ድርሻ እንኳ ገና አልተቀነሰም። ስምህን ሸፍነህ የለጠፍከውን ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን የታክስ ፎርም) አየሁት፦ ከ58,400 ላይ የካምፓኒው ድርሻ 14,000፣ 41,000 ማይል በ67 ሳንቲም 27,470፣ ስልክና ጥቃቅን ነገር 930 ተቀንሶ መስመር 31 ላይ የቀረው 16,000 ዶላር ነው። እሱ ነው ወደ ዋናው የታክስ ፎርም (1040) መስመር 9 የሚሄደው፤ ሌላ ገቢ ስለሌለህ ጠቅላላ ገቢህ 16,000 ነው ማለት ነው። አንተ አይ-864 ላይ 58,400 ጽፈህ፣ ከሥሩ 16,000 የሚል ታክስ አያያዝክ። ፋይልህን የከፈተው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ነው ያያቸው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ፦ ብዙ ሰው መስመር 9ን ትቶ መስመር 11ን ይጽፋል። መስመር 11 ከሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (በግል የሚሠራ ሰው ከሚከፍለው ታክስ) ግማሹ የተቀነሰበት ነው፤ ባንተ ሂሳብ 14,870 አካባቢ ይሆናል። ፎርሙ የሚጠይቀው ጠቅላላ ገቢህን ስለሆነ ራስህን በ1,130 ዶላር በከንቱ አታሳንስ።

የታክስ ሠሪዎቻችን ነገር ግን ያናድዳል። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲደርስ ወሬው «ላንተ ስንት አስመለሰልህ?» ነው፤ ጎበዝ የሚባለውም ብዙ ያስመለሰ ነው። ፊትህ ተቀምጦ «ባለትዳር ነህ? ሚስትህን ልታመጣ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ስንት አለ? ማይልህንም ቢሆን አይጠይቁህም፤ «ፉል ታይም ነው የምትነዳው?» ይሉና 40 ሺህ ወይም 41 ሺህ ብለው ይሞሉታል። የታክስ ዕዳህን ያቀለለው ቅናሽ ሁሉ ስፖንሰር ስታደርግ ገቢህን ያሳንሳል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የለም።

«ታክሱን አሜንድ አድርገህ (አርመህ እንደገና አስገብተህ) ማይሉን ቀንስ» የሚል ምክር ከጥያቄህ ሥር ተጽፎልሃል። ተጠንቀቅ። በትክክል የነዳኸውን ማይል ገቢ ለማሳደግ ብለህ መደበቅ ልክ አይደለም፤ ያልነዳኸው ከተጻፈ ግን መታረም አለበት። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችህ ላይ የመኪናው ማይል ተጽፏል፣ አፑም በሥራ ላይ የነዳኸውን ያሳያል፤ አስተያያቸው። እንበልና ትክክለኛው 30,000 ሆነ። 11,000 ማይል ሲወጣ 7,370 ዶላር ተመልሶ ገቢህ 23,370 ይሆናል። በሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ ብቻ ወደ 1,040 ዶላር ትከፍላለህ፤ የገቢ ግብሩና ወለዱ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ከፍለህም 33,312 አልደረስክም። ስለዚህ ስህተት ካለ ስለሆነ አርመው እንጂ፣ ሚስቴን ያመጣልኛል ብለህ አትድከም።

የግድ መታረም ያለበት ሌላ ነው፤ ማንም ያላነሳልህ። «ሲንግል» (ያላገባ) ብለህ ነው ታክስ ፋይል ያደረግከው። ሠርጋችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 2016 ከነበረ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ላይ ባለትዳር ነበርክ። ልጅህ አብራህ ስለማትኖር ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድም (የቤተሰብ ኃላፊ) አይሆንልህም። ባለቤትህ ሶሻልም አይቲንም (የታክስ ቁጥር) ስለሌላት የሚቀልህ «ማሪድ ፋይሊንግ ሴፓሬትሊ» (ባለትዳር ሆኖ ለየብቻ ማስገባት) ነው፤ በሷ ሶሻል ቦታ ላይ «ኤንአርኤ» (አሜሪካ የማትኖር የውጭ ዜጋ) ተብሎ ይጻፋል። በ1040-ኤክስ (በማሻሻያ ፎርሙ) አስተካክለው። የኢሚግሬሽን ወረቀትህ አግብቻለሁ፣ የታክስ ወረቀትህ አላገባሁም እያሉ አንድ ፋይል ውስጥ እንዲገናኙ አትፍቀድ፤ የትዳር ቪዛ ነው የምትጠይቀው። አሜንድ ያደረገ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ከአይአርኤስ (ከግብር መሥሪያ ቤቱ) የምታወርደው «ሪተርን ትራንስክሪፕት» (መጀመሪያ ያስገባኸው ታክስ ማጠቃለያ) ማሻሻያውን አያሳይም። «አካውንት ትራንስክሪፕት» ጨምርና ከ1040-ኤክሱ ኮፒ ጋር አያይዝ።

አሁን መውጫው። ፎርሙ ያለፈውን ታክስ ብቻ ሳይሆን የዚህ ዓመት ገቢህንም ይጠይቃል፤ ክብደት የሚሰጠውም ለሱ ነው። ያለፈው ዓመት 16,000 ሆኖ ዘንድሮ 34,000 ከሆነ፣ ማስረጃ እስካለህ ድረስ ያልቅልሃል። የሰልፍ ኢምፕሎይድ ማስረጃ ግን ደካማ ነው፦ የባንክ ስቴትመንት፣ ወጪውን ለይቶ የሚያሳይ የገቢ ሂሳብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ለአይአርኤስ የከፈልከው ቅድሚያ ታክስ ደረሰኝ። ያልከፈለ ሰው «ዘንድሮ ገቢዬ ጨምሯል» ሲል ማን ያምነዋል?

ደብልዩ-2 ሥራ (ተቀጥረህ ደመወዝ የምታገኝበት) ከያዝክ ነገሩ ሌላ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በሰዓት 16 ዶላር ከ2 ሳንቲም፣ ዓመቱን ሙሉ፦ 33,321 ዶላር። አለቀ። ከታክስ በፊት ያለው ነው የሚቆጠረው። ኡበሩን በትርፍ ሰዓት ከቀጠልክ የተጣራው ይደመርልሃል። ከአሠሪህ ደብዳቤ ተቀበል፤ የጀመርክበት ቀን፣ የሥራ መደብህ፣ የሰዓት ክፍያህ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራና ቋሚ መሆንህ ይጻፍበት። «አብሮን ይሠራል፣ ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የስድስት ወር ፔይ ስተብ ብታያይዝ ደግሞ ማንም አይከራከርህም። ከኢንተርቪው ሁለት ሳምንት በፊት የተቀጠረ ሰው ወረቀት ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ይህን መንገድ የምትመርጥ ከሆነ ዛሬ ጀምር።

ወንድምህ ወይም እህትህ አንድ ቤት አብረውህ የሚኖሩ ከሆነ አይ-864ኤ ፈርመው ገቢያቸውን ካንተ ጋር መደመር ይችላሉ። በዚያኑ ልክ ቁጥራችሁ ወደ አራት ያድግና 40,187 ይፈለጋል፤ ካንተ 16,000 ላይ የወንድምህ ወይም የእህትህ ገቢ 24,187 መድረስ አለበት። አንድ ቤት መኖራችሁን የሚያሳይ መንጃ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል ወይም የባንክ ወረቀት ያስፈልጋል። ባለቤትህ አዲስ አበባ ያላት ደመወዝ አይቆጠርም፤ ስትመጣ ይቆማል።

ንብረት? ጉድለትህ 17,312 ነው፤ የሲቲዝን ባለቤት ስለሆነች በሦስት ይባዛል፣ 51,936 ዶላር። አንተ ሲቲዝን ሳትሆን ግሪን ካርድ ብቻ ቢኖርህ በአምስት ነበር። ቤት ካለህ የሚታሰበው ግምቱ ሳይሆን የባንክ ዕዳው ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ አካውንቱ መቼ እንደተከፈተና በ12 ወር ውስጥ ምን ያህል እንደገባበት ይታያል። ዕቁብ ደርሶህ ባለፈው ወር አንድ ላይ ያስገባኸው ብር «ከየት መጣ?» ያስብላል፤ መልሱን በወረቀት አዘጋጅ። አዲስ አበባ ያለ ቤት በወረቀት ደረጃ ይፈቀዳል፤ ግን በዓመት ውስጥ ተሽጦ፣ ብሩ ዶላር ሆኖ ከአገር መውጣት እንደሚችል ማሳየት አለብህ። አልመክርህም።

የሚቀረው ጆይንት ስፖንሰር (ካንተ ጋር ኃላፊነቱን ወስዶ የሚፈርም ሌላ ሰው) ነው፤ «የአጎቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ አለ፣ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ ታክሱ 71 ሺህ ይላል፣ ይበቃል?» ብለሃል። የብዙ ሰው ፋይል የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እነሱ አራት፣ ባለቤትህ አንድ፣ አምስት ሰው፦ 47,062። ያንተ 16,000 ከሱ ጋር አይደመርም፤ ለብቻው መሙላት አለበት። 71,000ው ደግሞ የባልና ሚስት ገቢ ነው። የሱ ደብልዩ-2 43,000፣ የሚስቱ 28,000 ቢሆን፣ እሱ ብቻውን ሲፈርም ያለው 43,000 ብቻ ነውና አይበቃም። ሚስቱ አይ-864ኤ መፈረም አለባት። ስለዚህ ከመለመንህ በፊት የሁለቱንም ደብልዩ-2 ጠይቅ፤ ጆይንት ታክስ ካለ ሁልጊዜ ደብልዩ-2ው ይያያዝ። ከዚህ በፊት እናቱን አምጥቶ እንደሆነም ጠይቀው፤ ያኔ ስድስት ትሆናላችሁ።

ዘመድ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላውና አሜሪካ የሚኖር ይበቃል። የፓስፖርቱ ወይም የግሪን ካርዱ ኮፒ ይያያዛል። አይ-134 (ሌላ የድጋፍ ፎርም) ልሙላልህ የሚልህ ካለ አመስግነህ መልሰው፤ ለትዳር ቪዛ አይሠራም። አንተም ጆይንት ስፖንሰር አገኘሁ ብለህ የራስህን አይ-864 እንዳትተው፤ ገቢህ ዜሮ ቢሆንም ያንተ ፎርምና ታክስ የግድ ነው። አጭሩ አይ-864ኢዜድ ላንተ አይሆንም፤ እሱ ገቢው ደብልዩ-2 ብቻ ለሆነ ነው።

ለአጎትህ ልጅ ደግሞ «ፊርማ ብቻ ነው» እንዳትለው። እንደዚህ ተብለው የፈረሙ ሰዎች ኋላ ነው የሚደነግጡት። ግዴታው የሚያበቃው ባለቤትህ ሲቲዝን ስትሆን፣ 40 ኳርተር ሲሞላላት፣ አገሪቱን ጥላ ስትወጣ ወይም ስትሞት ነው። ብትፋቱ አይወርድለትም፤ ላንተም አይወርድልህም። ሚስቱም ስለምትፈርም እሷ ባለችበት ንገራቸው። ሽማግሌ ልኮ ማስፈረም ለዚህ ነገር አይሆንም፤ ዐውቆ የሚፈርም ሰው ነው የሚፈለገው።

ፎርሙ በእጅ ይፈረም፤ ስምህን በኮምፒውተር መተየብ ፊርማ አይባልም። ኖተራይዝ ማስደረግ አያስፈልግም፣ ገንዘብህን አታውጣ።

የኤንቪሲ መልእክት የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም፤ ገቢውን የሚወስነው አዲስ አበባ ያለው ቆንስላ ነው። ቢሆንም ጉድለቱን ይዘህ ኢንተርቪው ድረስ አትሂድ፤ 221 ጂ የሚባለው (ሰነድ ይጎድላል የሚል) ወረቀት ይሰጣትና እንደገና ሰነድ መላክ፣ እንደገና መጠበቅ ይሆናል። ወረቀቱ ከተሰጣት የጎደለውን ለማሟላት አንድ ዓመት አላት፤ ዝም ብሎ ካለፈ ማመልከቻው ይዘጋል። ኢንተርቪው ከኤፕሪል 15 በኋላ ከወደቀ አዲሱን ዓመት ታክስ ያንተንም የጆይንት ስፖንሰሩንም ላክላት። እዚያ የምትቀርበው እሷ ናት፣ አንተ አይደለህም። ጆይንት ስፖንሰሩ ማን እንደሆነ፣ ምንህ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራና ለምን እንደፈረመላችሁ አስቀድመህ አስረዳት፤ ሲቻል በስልክ አገናኛቸው። «ማነው ይሄ ሰውዬ?» ስትባል ስሙን ከወረቀቱ ላይ መፈለግ የለባትም።