ከሌሊት ዱቲ ወጥቼ ስተኛ ለምን ቶሎ እነቃለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ሰዓቱ ሁሉ በሀበሻ አቆጣጠር ነው)

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ዱቲ አለብኝ፤ ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት። ቤት ደርሼ 3 ሰዓት ላይ ወዲያው ይወስደኛል፤ 7 ሰዓት ሳይሞላ ግን ዓይኔ ይፈጣል። ደክሞኝ እያለ እንቅልፍ ለምን እምቢ ይለኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ድካም ብቻውን አያስተኛም። እንቅልፍን ሁለት ነገሮች ይገዙታል። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚከብድ ጫና ነው፤ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ስንተኛ ይጠረጋል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው፤ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ ያሉ 20,000 ገደማ ሴሎች ይቆጥሩታል። ተመራማሪው አሌክሳንደር ቦርቤሊ ሁለቱን አጣምረው በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ማብራሪያ ዛሬም የእንቅልፍ ሕክምና መነሻ ነው። እርስዎ 3 ሰዓት ላይ ሲተኙ ጫናው ሙሉ ነው። አራት ሰዓት ያህል ሲያንቀላፉ አብዛኛው ይቀልላል፤ ያኔ የሚቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን መሆኑን ያውቃል።

ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ለመገልበጥ አይድከሙ። በቀን ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያህል ነው የሚንቀሳቀስ፤ ገና ሳይደርስ ዱቲዎ ያልቃል። የሚያዋጣው እንቅልፉን ከፍሎ መተኛት ነው። ከመጀመሪያው ዱቲ በፊት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይተኙ፤ አንድ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ነው። በዱቲዎቹ መካከል ጠዋት ከ3 እስከ 7፣ ከዚያ ማታ ከመግባትዎ በፊት ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይድገሙ። ቡናውን በትንሽ በትንሹ በዱቲው መጀመሪያ አጋማሽ ይጠጡ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ግን ይቅር። ተራ ተቀያይሮ ማረፍ ከተቻለ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከ30 ካለፈ ከጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይነሳሉና ጭንቅላት ቶሎ አይጠራም። ስለዚህ በነቁ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች የመድኃኒት መጠን አያስሉ። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ያለው የሌሊት ክፍል የሰውነት ሙቀትም ንቃትም የሚወርድበት ነው፤ በዚያ ሰዓት የተሰላ መጠን ባልደረባ ቢያየው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከግቢው ከወጣ በኋላ ነው። «እግረ መንገዴን» ብለው ገበያ ሲዞሩ የጠዋቱ ፀሐይ ሰዓቱን ወደ ቀን ይጎትተዋል። ጥቁር መነጽር አድርገው ቀጥታ ወደ ቤት ይሂዱ። መኪና የሚነዱ ከሆነ ግን መነጽሩ ይቅር፤ እንዲያውም እንቅልፍ እየጣለዎት ባይነዱ ነው። መኝታ ቤቱ እጅዎን ዘርግተው የማያዩት ያህል ይጨልም፤ መጋረጃው ስስ ከሆነ ነጠላ አጣጥፎ ዓይን ላይ ማሰር ይሠራል። ቤቱ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ራሱ ይቀሰቅሳል፤ ቀዝቀዝ ያለውን ክፍል ይምረጡ። ከመጨረሻው ዱቲ በኋላ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ደወል ሞልተው 6 ሰዓት ላይ ይነሱ፣ ፀሐይ ላይ ይውጡ፣ ማታ 3 ሰዓት ይተኙ።

ጥያቄ፦ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት ተሰብስበን ከአቦል እስከ በረካ እንጠጣለን። ማታ 4 ሰዓት ላይ ያለ ችግር ይወስደኛል። ታዲያ ቡና እንቅልፍ ያጠፋል የሚባለው እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ መተኛትዎ አልተበላሸም፣ የተበላሸው እንቅልፉ ሊሆን ይችላል። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ወንበር ቀድሞ ይይዛል፤ አዴኖሲኑ ግን ቆሞ እየተጠራቀመ ነው። የጠጡት ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ 4 ሰዓት ላይ ሲተኙ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ደምዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ሲወሰድ ከእንቅልፉ ከ1 ሰዓት በላይ ቀንሷል። ጥልቁ እንቅልፍም ይሳሳል። ነፍሰ ጡር ወይም የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካፌይኑ በጣም ይቆይባታል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ቶሎ ያስወጣዋል። ከጎረቤት አይቅሩ። ጀበናው 6 ሰዓት ላይ ቢጣድ፣ ካልሆነም አቦሉን ለሌላ ሰጥተው በረካውን ቢጠጡ በቂ ነው። በአንዴ አያቋርጡ፤ ራስ ምታት ያመጣል።

ጥያቄ፦ በጥር ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት እሄዳለሁ። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት በእንቅልፍ እጦት ያልፋል። ጠዋት «ፀሐይ ሙቅ» ይሉኛል፣ እወጣለሁ፤ አልረዳኝም።

መልስ፦ ያች የጠዋት ፀሐይ ናት ጠላትዎ፣ ለጊዜው። የሰውነት ሙቀት ዝቅተኛው ነጥብ የሚደርሰው ከለመዱት መነሻ 2 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ነጥብ በፊት የሚያዩት ብርሃን ሰዓቱን ያዘገያል፣ በኋላ የሚያዩት ያስቀድማል። ዋሽንግተን ጠዋት 1 ሰዓት የሚነሱ ከሆነ ነጥቡ ሌሊት 11 ላይ ነው። በጥር ልዩነቱ 8 ሰዓት ስለሆነ ያ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል! ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እስከ 7 ሰዓት ቤት ይቆዩ ወይም ጥቁር መነጽር ያድርጉ፤ ከ7 እስከ 10 ውጭ ይሁኑ። በማግስቱ ከ6፣ በሦስተኛው ቀን ከ5 ሰዓት እያሉ በቀን አንድ አንድ ሰዓት ያስቀድሙ። ሳሎን ውስጥ መስኮት ዳር መቀመጥ አይተካውም፤ አምፖል 100 እስከ 300 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ሲሰጥ ደመናማ ሰማይ እንኳ 10,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ሜላቶኒን (ለሰውነት «መሽቷል» የሚል ሆርሞን፣ በእንክብል የሚሸጥ) ከፈለጉ ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት፣ ከግማሽ እስከ 3 ሚሊግራም ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚሸጥ ዕቃው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንዳንዴ ይለያያል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሐኪም ይጠይቅ። ሲመለሱ ይቀላል፤ ወደ ምዕራብ ሰዓቱ ፈጥኖ ይላመዳል።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ማታ 2 ሰዓት ይተኛሉ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ይነሳሉ። በሽታ ነው?

መልስ፦ ከ2 እስከ 9 ሰባት ሰዓት ነው፤ ሙሉ እንቅልፍ ነው። በዕድሜ ሰዓቱ ይቀድማል። ለኪዳን የሚነሱ ከሆነማ ምንም አይንኩ። እሳቸው ራሳቸው ከተቸገሩ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ከደጅ ይቀመጡ፣ ሳሎኑ እስከ ማታ 3 ሰዓት ደመቅ ይበል። ጮክ ብለው እያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቆም እያለ በድንገት የሚመለስ ከሆነ፣ ቀን ቀንም ተቀምጠው የሚያንቀላፉ ከሆነ ግን ሐኪም ይያቸው።