ፕላቶ በግእዝ፣ ፕላቶ በራሱ ድርሳን

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ጥንታዊ ፍልስፍና አስተምራለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍም አማክራለሁ። የዘንድሮ ተማሪዎቼ ያቀረቡት ርእስ «የፕላቶ የፍትሕ አስተሳሰብ» እንደሚለው ያለ ሰፊ ነው። ቅኔ ቤት የቆየ አንድ የመንዝ ልጅ ደግሞ የፕላቶን አሳብ ከመጽሐፈ ፈላስፋ አውጥቶ ለመጻፍ ፈልጓል። ልከልክለው ወይስ ልፍቀድለት? ከመካከላችን ግሪክኛ የሚያውቅ የለም።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጁን አይከልክሉት፤ ጥያቄውን ግን ያስለውጡት። መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ የአባባልና የምክር ስብስብ ሲሆን፣ የግሪክ ፈላስፎች ከቤተ ክርስቲያን አባቶች ጋር አብረው የሚናገሩበት ነው። በፕላቶ ስም የተቀመጠ ምክር ሁሉ በፕላቶ ድርሳናት ይገኛል ማለት ስላልሆነ፣ «ፕላቶ ስለ ፍትሕ እንዲህ ያምን ነበር» ለሚል ድምዳሜ በምስክርነት አይቀርብም። ፕላቶ ለግእዝ አንባቢ ምን ዓይነት ጠቢብ ሆኖ እንደ ቀረበ ለመመርመር ግን ዋናው ማስረጃ እርሱ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ግእዝ እንጂ ግሪክኛ አይደለም። ልጁ በፕላቶ ስም የተነገሩትን ብቻ ለቅሞ፣ ስለ ንጉሥና ስለ ዳኝነት የሚሉትን ለይቶ ይተርጉም፤ ይተንትንም። የኢትዮጵያን ፍልስፍና ያጠናው ምሁር ክላውድ ሳምነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 መጽሐፉን በእንግሊዝኛ አዲስ አበባ ላይ ስላሳተመው፣ እርስዎም ትርጉሙን እያመሳከሩ ሊከታተሉት ይችላሉ። (ሰምና ወርቅ ሲለይ ያደገ ተማሪ በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ለመቆየት ያለው ትዕግሥት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከብዙዎቻችን ይበልጣል።)

ለሌሎቹ ርእሱን ወደ አንድ ክርክር ያውርዱላቸው። ፕላቶ ስለ ፍትሕ በጭውውት መልክ በጻፈው ድርሳን፣ በሪፐብሊክ፣ አንደኛ መጽሐፍ የንግግር ጥበብ መምህሩ ትራሲማኮስ ፍትሕ የብርቱው ጥቅም ነው ይላል፤ ሶቅራጥስም ገዥዎች ተሳስተው የሚጎዳቸውን ሕግ ቢያወጡስ ብሎ ይጠይቀዋል። ከተወያዮቹ አንዱ ክሊቶፎን፣ ጥቅም የተባለው ብርቱው ጥቅሜ ነው ብሎ ያሰበው ነው የሚል ማምለጫ ቢያቀርብለትም፣ ትራሲማኮስ ያንን ትቶ እውነተኛ ገዥ በገዥነቱ አይሳሳትም ወደሚል መልስ ይሄዳል። ማምለጫውን ለምን እንዳልተቀበለና የመረጠው መንገድ ለሶቅራጥስ ቀጣይ ክርክር እንዴት በር እንደ ከፈተ ማስረዳት ለመጀመሪያ ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ከኢንተርኔት ተገልብጦ የሚመጣ አጠቃላይ ሐተታም እዚህ ላይ መግቢያ ያጣል።

ጥቅስ ሲያስገቡ የትርጉሙን ገጽ ሳይሆን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1578 ከወጣው የፕላቶ ድርሳናት የስቴፋኖስ እትም የመጣውንና በኅዳግ የሚታየውን ቁጥር እንዲጽፉ ያዝዙ፤ «የብርቱው ጥቅም» የሚለው የትራሲማኮስ ቃል በየትኛውም ትርጉም 338 ላይ ይገኛልና። ግሪክኛ ባይኖርም ሁለት ትርጉሞችን ጎን ለጎን ያስነብቧቸው፤ ትርጉሞቹ የተለያዩበትንም ቦታ ተማሪው ልዩነቱ በክርክሩ ላይ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ገልጾ በግርጌ ይመዝግበው።