አስተባባሪ እንጂ አገናኝ አይደሉም

ጥያቄ፦ «እዚሁ ድሬ ለአንድ ሬዲዮ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። አሜሪካ ውስጥ በፊልም ሥራ ‹ኢንቲመሲ ኮኦርዲኔተር› የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። እነሱ በዩኒየን ሊደራጁ ስለመሆናቸው የሚያወራ ጽሑፍ ነበር። ‹የፍቅር አስተባባሪዎች ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው› ብዬ ተረጎምኩት። አርታኢያችን ‹አገናኞችም ማኅበር አወጡ እንዴ?› ብሎ ቢሮውን በሳቅ ገደለው። አቦ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ከሳቢያን።

መልስ፦ የሌላ አገር አንባቢዎች «አንተ» ማለቷን አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ልጅቷ የድሬ ልጅ ናት። እዚህ ሽበት ብቻውን «አንቱ» አያሰጥም።

እህቴ፣ አርታኢሽ መሳቁ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ግን ቃል ያለመኖሩ አይደለም። ሁለት ቃል ጎድሏል፣ አንዱ ቦታውን ስቷል፣ አንዱ ደግሞ ከዜናው ጋር አይሄድም።

በመጀመሪያ ሰዎቹ ምን ይሠራሉ? ተዋናዮች የሚሳሳሙበት፣ ልብስ የሚያወልቁበት ወይም አልጋ ላይ የሚታዩበት ክፍል ሲቀረጽ ከዳይሬክተሩና ከተዋናዮቹ ጋር ይሠራሉ። ከቀረጻው በፊት እያንዳንዱን ተዋናይ ለብቻው ያነጋግራሉ። እጅ እስከ የት ይሄዳል? ካሜራው ምን ያያል? የተስማሙበት በጽሑፍ ይሰፍራል። ገላ ከገላ እንዳይነካካ መሸፈኛ ያዘጋጃሉ። እንቅስቃሴው እንደ ጭፈራ ደረጃ በደረጃ ይጠናል። በቀረጻው ቦታ ሥራ የሌለው ሰው እንዲወጣም ያደርጋሉ። (የቀረጻ ቦታን በእንግሊዝኛው «ሴት» የምትሉትን እዚህ ላይ ተዉት። «ሴት ላይ ማን ይቆያል?» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ ርዕስ ውስጥ አደገኛ ነው።) ሙያው በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ጾታዊ ትንኮሳን የሚያጋልጠው የሚቱ ንቅናቄ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ በ2018 በአንድ ድራማው ላይ ባለሙያ ቀጠረ፤ ከዚያም ለሌሎቹ ሥራዎቹ ደንብ አደረገው።

አሁን «የፍቅር አስተባባሪ»ን እንፍታው። በአማርኛ «የ» ብለን ስም አስቀድመን አድራጊውን ስናስከትል፣ ያ ስም ብዙ ጊዜ ድርጊቱ የሚያርፍበት ነገር ነው። የቡና ነጋዴ ቡናን ይነግዳል። የሠርግ አስተባባሪ ሠርጉን ያስተባብራል። እንግዲህ የፍቅር አስተባባሪ ምን ያስተባብራል? ፍቅሩን ራሱን! አርታኢሽ «አገናኝ» ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው። «አቃጣሪ» አለማለቱም ጨዋነቱ ነው።

መጀመሪያ የጎደለችው ቃል «ትዕይንት» ናት። በፊልም ውስጥ ጠብ የሚያቀናብረውን ሰው አስቢ። «የድብድብ አስተባባሪ» ብትይው ደቻቱ ወንዝ ዳር ጎረምሳ ሰብስቦ ዱላ የሚያድል ይመስላል። «የድብድብ ትዕይንት አስተባባሪ» ስትይው ግን ማንም ጠብ አጫሪ አይለውም። ሥራው ከትዕይንቱ ጋር እንጂ ከጠቡ ጋር አይደለም። የእነዚህም ሥራ እንዲሁ ነው።

«ፍቅር»ንም አልወደድኩትም። ባለሙያዎቹ የሚጠሩት ለፍቅር ብቻ አይደለም። አስገድዶ መድፈር የሚታይበት ክፍል ሲቀረጽ ይበልጡን ያስፈልጋሉ። ያን «የፍቅር ትዕይንት» ማለት ነውር ነው። «ቅርበት»ስ? ቅርበት ሁኔታ ነው፤ የእኛው ከዚራ ሰፈር ለባቡር ጣቢያው ቅርበት አለው። «ቅርርብ» ግን ከ«ተቀራረበ» የወጣ ነው። እንደ ንግግር፣ እንደ ውይይት፣ እንደ ትውውቅ ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብቻሽን አትቀራረቢም። ስለዚህ «የቅርርብ ትዕይንት አስተባባሪ» እላለሁ። «የሁለቱ አገሮች ቅርርብ» የሚለውን የዲፕሎማሲ ዜና ያስታውሳል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ያስታውሳል። «ትዕይንት» ስትገባበት ግን ያ ስሜት ይለቃል።

ወደ «ማኅበር» እንለፍ። ይህች ቃል ትከሻዋ የማይሸከመው የለም። ጽዋ የምንጠጣበት ማኅበር ነው። ነጋዴ በአክሲዮን የሚያቋቁመው ድርጅት አክሲዮን ማኅበር ነው። መሐንዲሱ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የሚለጥፈው «ኃ/የተ/የግ/ማ» መጨረሻው ማኅበር ነው። እንግዲህ አሠሪውም ማኅበር፣ ሠራተኛው የሚደራጅበትም ማኅበር! ከከዚራ ዛፎች ሥር ሻይ እየጠጣን የአንቺን ዓረፍተ ነገር ለአንድ የባቡር ጡረተኛ ወዳጄ አነበብኩለት። «ምን ሊሸጡ ነው?» አለኝ። የንግድ ድርጅት መስሎት ነው። «የሠራተኛ ማኅበር ነው» ስለው ስኒውን አስቀመጠና «እንደሱ አትልም ታዲያ! ደመወዝ ሊጠይቁ ነው በላ» አለ። ያቺ አንዲት ቃል ነገሩን ሁሉ አዞረችው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኞች ማኅበር አለው፣ የአሠሪዎችም ማኅበር አለው። ሁለቱን የሚለየው ከፊት ያለው ቃል ነው።

ቀጥሎ «ሊያቋቁሙ ነው» የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ ነገሩ የሰዋስው ሳይሆን የዜናው ጉዳይ ነው። አስተባባሪዎቹ የራሳቸውን አዲስ ማኅበር አላሰቡም። ሳግ አፍትራ የሚባለው የተዋንያንና የብሮድካስት ባለሙያዎች ማኅበር፣ ሳግ እና አፍትራ የተባሉት ሁለት ማኅበሮች እ.ኤ.አ. በ2012 ከተዋሐዱ ጀምሮ አለ። በ2020 ስለ ሥራቸው መመሪያ አውጥቶ ነበር። በ2024 ደግሞ እንዲወክላቸው ለአሜሪካ ብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ጥያቄ አቀረበ። የቆመ ቤት ውስጥ መግባት «ማቋቋም» አይባልም። «በማኅበሩ ሊወከሉ ነው» ወይም «በማኅበሩ ሥር ሊደራጁ ነው» በይ። «ሊደራጁ ነው» ብለሽ ግን እዚያው አታቁሚ። በእኛ ሰፈር «ተደራጁ» የተባሉ ወጣቶች ብድር ወስደው ብሎኬት የሚያመርቱ ናቸው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር አለ። «አስተባባሪ» እና «ማኅበር» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ግእዙ «ኀበረ» ነው፤ ገጠመ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። ከእሱ ማኅበር፣ ኅብረት፣ ኅብር ወጡ። አማርኛ ጉሮሮውን ጣለና «አበረ» አለው። ከዚያ ተባበረ፣ አስተባበረ መጡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ውስጥ ያለችው «ያብር» ይህችው ናት። የአስተባባሪዎች ማኅበር ማለት በሥሩ ሲታይ የአገጣጣሚዎች መግጠሚያ እንደ ማለት ነው። (ማኅበርን በ«ኅ» ጻፍሽው በ«ህ» በዚህ አልጣላሽም።)

እንግዲህ ዜናሽን እንዲህ አድርጊው፦ «በአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን የቅርርብ ትዕይንት አስተባባሪዎች በተዋንያን የሠራተኛ ማኅበር እንዲወከሉ ጥያቄ ቀረበ።» መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «በእንግሊዝኛ ኢንቲመሲ ኮኦርዲኔተር የሚባሉት» ብትይ አድማጭ አይከፋም። አርታኢሽ «ረዘመ» ካለሽ፣ በማስታወቂያ ሰዓት «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር»ን በአንድ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ ጠይቂው።