ሕግ ለመማር ከአዳማ ልውጣ ወይስ ልቅር?

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ልጁን ይዞ ቢሮዬ መጣ። የሰፈር ሰው ነው። ልጅቷን ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ መዋዕለ ሕፃናት ስትሄድ ጀምሮ አውቃታለሁ። አሁን 12ኛ ክፍልን አልፋለች፤ ሕግ መማር ትፈልጋለች። አባትየው ገና ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት። እዚሁ እየተማረች ቤቷ ብታድር ምን ይጎድልባታል?» አለኝ። እሷ ዝም ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጥብቅና ፈቃዴን ታነባለች።

ደንበኛ ይጠብቀኝ ስለነበር ግማሹን ብቻ መለስኩላቸው። የቀረውን ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚያመነቱትም ልጻፈው።

መጀመሪያ የማይቀረውን እንነጋገር። አዳማ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው፤ ሕግ አያስተምርም። ስለዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሕግ ልማር ያለ የአዳማ ልጅ ሻንጣ ማዘጋጀት አለበት። ሐዋሳ ይሁን፣ ሐረማያ፣ ጅማ ወይስ ባሕር ዳር፣ እሱንም ቢሆን ምርጫ ትሞላላችሁ እንጂ የሚመድባችሁ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ደርሳችሁም ወዲያው ሕግ አትገቡም። የፍሬሽማን ትምህርት አለ፤ ከዚያ በውጤትና በምርጫ ትደለደላላችሁ። ሕግ ብሎ ሄዶ ሌላ ተምሮ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። ሰው ስለ ከተማው ሲጨነቅ ይህችን የፍሬሽማን ዓመት ይረሳታል።

መቅረት ማለት እንግዲህ የግል ኮሌጅ ማለት ነው። የግልን አልንቅም። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ዓይነትና በካምፓስ ነው። ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ሕግ ለማስተማር ፈቃድ አለው ማለት አዳማ ላይም አለው ማለት አይደለም። ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። ያፈሩ ከመሰላችሁ ደግሞ ውጡ።

የመውጫ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። ለሌላው ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር እንደ አዲስ ነገር ተወራ እንጂ የሕግ ተማሪ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲፈተነው ኖሯል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከየትም ኑ፣ ወረቀቱ ላይ የምትገናኙት እኩል ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። የግሉ ክፍያ ከአባት ኪስ በየሴሚስተሩ ይወጣል። የመንግሥቱ ደግሞ የወጪ መጋራት ውል አስፈርሞ በኋላ ይጠይቃችኋል። ነፃ ነው የሚላችሁን አትመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማንም የማይጠይቀኝ ጥያቄ ነው፤ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትሟገቱት?

ሕግ ትምህርት ቤት የምታነቡት በእንግሊዝኛ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ። ችሎት ግን በእንግሊዝኛ አይዋልም። አዳማ ፍርድ ቤት ሥራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ አማርኛ ነው። ሐዋሳ ተምራችሁ እዚያው ልቅር ካላችሁ፣ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆኗል፤ የሥራ ቋንቋው ሲዳምኛ ነው። ስለዚህ «የት ልማር?» ከማለታችሁ በፊት «የት ልሟገት?» በሉ።

ይህን ያስተማረኝ ፕሮፌሰር አይደለም፤ ራፖር ጸሐፊ ነው።

በ1982 ዓ.ም. ከሲድስት ኪሎ ተመርቄ መጣሁ። ያኔ ከተማው ናዝሬት ነው የሚባለው። ዲግሪዬን ይዤ ጉራዬ ሌላ ነው። የመጀመሪያ ጉዳዬ የ800 ብር ብድር ነበር። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አበድራ ተክዳለች። ደግነቱ የተፈረመ ወረቀት አላት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ ማስረዳት ጭንቅ ነው፤ አንቀጽ 2472ን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። በእንግሊዝኛ ነዋ! ሌሊቱን ተቀምጬ በእንግሊዝኛ ያሰብኩትን በአማርኛ ጻፍኩት። ሦስት ገጽ ሆነ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላቸውን ተክለው የሚውሉ አንድ ሽማግሌ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። የጽሕፈት መኪናቸው «ቀ» የምትባለው ፊደል ተሰብራ በእጃቸው ነበር የሚጨምሯት። እንዲተይቡልኝ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ገለበጡ። እንደገና ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ።

«ልጄ፣ ሁሉም አለ። ዳኝነቱ የታለ?»

አልገባኝም። ዳኝነቱ ዳኛው ጋ ነው እንጂ እኔ ጋ ምን ይሠራል? እሳቸው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወረቀት አስገቡና ከመጨረሻው ገጽ ሥር አንድ መስመር መቱ። ተከሳሽ 800 ብሩን ከነሕጋዊ ወለዱ፣ ከነወጪና ኪሳራው እንዲከፍል ይወሰንልኝ ዘንድ ዳኝነት እጠይቃለሁ የምትል። ሦስት ገጽ ሙሉ ታሪክ ተርኬ፣ ሕግ ጠቅሼ፣ ፍርድ ቤቱ ምን እንዲያደርግልን እንደምንፈልግ አልጻፍኩም ነበር። ክስ ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት መጻፍ እንዳለበት ሥነ ሥርዓት ሕጉን ስማር አንብቤዋለሁ። ፈተናውንም አልፌዋለሁ። በገዛ ቋንቋዬ ምን እንደሚባል ግን አላውቀውም ነበር።

የትየባ ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። የትምህርቱን አላስከፈሉኝም።

እሱን ለመድኩ ስል ደግሞ መንግሥት ተለወጠ፤ ፍርድ ቤታችንም ወደ አፋን ኦሮሞ ዞረ። አፌን የፈታሁት በሁለቱም ቋንቋ ስለሆነ መናገሩ አላስቸገረኝም። መጻፍ ነው ጉዱ። ቁቤን የተማርኩት አንደኛ ክፍል ከገባ ልጄ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። «አባዬ፣ አናባቢው ሲደገም ይረዝማል» እያለ ያርመኝ ነበር። የእኔ መልስ ማመልከቻና የእሱ የቤት ሥራ አንድ ቀን ተቀላቅለው ፋይል ውስጥ የልጅ ሥዕል ይዤ ችሎት ገብቻለሁ። ከተመለሰልኝ ፈገግታ በቀር ዳኛው ምንም አላሉም።

እና ልጆች፣ መናገር መቻል አያሳስታችሁ። በሰፈር አፋን ኦሮሞ በቆሎ መግዛት ይቻላል፤ የይግባኝ ማመልከቻ መጻፍ ግን ሌላ ነው። የአማርኛውም እንደዚያው።

ከዚህ አንፃር ካያችሁት የአባትየው ሐሳብ ባዶ አይደለም። ቤቷ ለምታድር ተማሪ ፍርድ ቤቱ የሁለት ብር መንገድ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ባጃጁ ቢወደድም ቅርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍል ከሌላት ችሎት ገብታ መቀመጥ ትችላለች። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዝግ የሚታዩ ጥቂት ጉዳዮች ሲቀሩ ማንም አያስወጣችሁም። አዳማ የሚቀር ሰው ይህን ካልተጠቀመበት ግን የቀረው ለእናቱ ወጥ ብቻ ነው።

የመንገዱንም ፍርሃት አላጣጥልም። ባለፉት ዓመታት ተማሪ ጭኖ የወጣ አውቶቡስ ስንቱን ወላጅ እንቅልፍ እንደነሳ ሁላችንም እናውቃለን። እሱን የሚመዝነው ቤተሰብ ነው፤ እኔ ከቢሮዬ ሆኜ «አይዟችሁ» ማለት አልችልም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ መንገዱ ሰላም ከሆነና የፍሬሽማን ውጤታችሁን የምትተማመኑበት ከሆነ ሂዱ። ምክንያቴ የትምህርት ጥራት አይደለም፤ ጥሩ አስተማሪ የትም አለ፣ ሃንድአውት አንብቦ የሚወጣም የትም አለ። ምክንያቴ ዶርም ነው። አዳማ ውስጥ ሁሉም የማን ልጅ እንደሆናችሁ ያውቃል። ዶርም ግን ስድስት ሆናችሁ ትገባላችሁ፤ አንዱ ሌሊት ሲቸክል ይጮኻል፣ አንዷ መብራት አታጥፉ ትላለች፣ ሌላው ከየት እንደመጣ እንኳ ሰምታችሁት አታውቁም። ከማያውቁት ሰው ጋር ተጣልቶ ታርቆ ማደር የጠበቃ ግማሽ ሥራው ነው። እነዚያ ልጆች በኋላ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ሆነው አገሩን ይሞሉታል። እኔ እስከ ዛሬ ሩቅ አገር ያለ መዝገብ ሲገጥመኝ የምደውልለት የዶርም ልጅ አለ። ጉዳይ ላስጨርስ አይደለም፤ መዝገብ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ልጠይቀው ነው።

ከሄዳችሁ ዘንድ፣ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል እንዳለውና ተማሪ ባለጉዳይ እንደሚያነጋግርበት ሲኒየሮችን ጠይቁ። ካለ ቶሎ ተጠጉ። ክረምት ስትመጡ ደግሞ በር ላይ ተቀምጣችሁ ፀሐይ ብቻ አትሙቁ፤ የአዳማ ፀሐይ የትም አይሄድም። አንድ ጠበቃ ቢሮ ገብታችሁ መዝገብ አደራጁ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የተጻፈ ክስ አንብቡ።

ልጅቷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ግን ችሎት ገብቼ አላውቅም» አለችኝ። አባቷ ደነገጠ፤ እሱም ገብቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። የቤት ሽያጭ ክርክር ነው፤ ምስክር ይሰማል። ሁለቱንም ኑ ብያቸዋለሁ። መታወቂያ ያዙ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ዳኛው ሲገቡ ተነሡ። ኋላ ወንበር ላይ ቦታ አይጠፋም።