ሻሽ አስሬ ድራማ ባይ ነውር ነው ወይ ላልሽው እህቴ

ካገባሽ ወዲህ ፀጉርሽን መሸፈን ጀምረሻል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ግን የቱርክ ድራማ ታያለሽ፤ «ከጽኒዑት፣ ማለትም እኛ አይሁዶች ከምንጠብቀው የጨዋነት ሥርዓት ጋር አይጋጭም ወይ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ሻሽ ካሰርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አሁንም አያለሁ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

የተማርኩት እዚሁ እስራኤል የሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ጽኒዑት ማለት የእጅጌና የቀሚስ ልክ ነበር። ክርን ይሸፈን፣ ጉልበት ይሸፈን። ቴሌቪዥን በደፈናው ክልክል ነበር። ለእረፍት ቤት ስንመለስ ታዲያ እስኪነጋ እናያለን፤ ምን ዋጋ አለው?

ስለ ዓይን ያስተማረችኝ አያቴ ናት። ከጎንደር የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች። ሳሎን ቁጭ ብላ በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ታያለች። መሳሳም ሲጀመር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። «አለቀ?» ትለናለች ከነጠላው ሥር። እኛ ተንኮለኞቹ ሳያልቅ «አለቀ» እንላታለን። አንድ ቀን ተናደደችና «የሰው ገመና ላይ ማፍጠጥ ምን ይሉታል!» አለችን። ያቺ ቃል ከቀሚስ ልክ በላይ ገብታኛለች።

ወደ አይሁድ ሕጉ ስንመጣ፣ ስለ ማየትና የሴት ዘፈን ስለ መስማት በግልጽ የሚናገረው በአብዛኛው ለወንዶች ነው። የእስራኤል ዋና ራቭ (የሃይማኖት መሪ) የነበሩት ራቭ ኦቫዲያ ዮሴፍ እንኳ የዘፋኟን መልክ የማያውቅ ሰው በሬዲዮ ቢሰማት ፈቅደዋል። አንቺን ይበልጥ የሚነካሽ መዝሙር 1 ይመስለኛል፤ «በዋዘኞች ወንበር ያልተቀመጠ» የሚለው። የታልሙድ፣ ማለትም የጥንቱ የአይሁድ ሕግና ትምህርት መጽሐፍ ሊቃውንት ይህን ቃል ያዋሉት በዘመናቸው ለነበረው የሮማውያን ቴአትርና የትርኢት አደባባይ ነው። ስለዚህ ምን ለብሰዋል ብቻ ሳይሆን፣ በምን እየሳቅኩ ነው ብለሽም ጠይቂ። እኔ መጀመሪያ የተውኩት የፍቅር ድራማ እንዳይመስልሽ። የምግብ ውድድር ነው! ሁሉም እስከ አንገቱ የለበሰ። ዳኛው አንዷን ስለ ወጧ ሰድቦ አስለቀሳት፣ እኛ ሶፋ ላይ ሳቅን። ትንሹ ልጄ ብቻ «ለምን ታለቅሳለች?» አለ። በዚያው ቀረ።

ሌላው፣ አልጋ ላይ በስልክ ማየት አቁሚ። ለብቻ በጨለማ ሲሆን ሰው ራሱን አይታዘብም፣ ደግሞ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይቀጥላል። ሳሎን ሲሆን ባል ይገባል፣ ልጅ ውኃ ልጠጣ ብሎ ይነሳል። ለሰንበት መቼም ይዘጋል። ቤተ መቅደሱ ስለ መፍረሱ የምናዝንባቸውን፣ በአይሁድ አቆጣጠር ከታሙዝ 17 እስከ ቲሻ በአቭ (አቭ 9) ያሉትን ሦስት ሳምንታት እኔ ቴሌቪዥኑን ጨርሼ አጠፋለሁ፤ ይህ የራሴ ነው፣ አንቺ የራስሽን ራቭ ጠይቂ።

እኛ ቤት ደግሞ ሪሞቱ ላይ ያለው ማሳለፊያ ቁልፍ ስም ወጥቶለታል። «ነጠላ!» ሲባል ሪሞቱን የያዘ ሰው ያሳልፋል።