ለወጣት መሐንዲሶች፦ የጓዳልካናል ማኮብኮቢያ

ልጆቼ፣ በተለይ መንገድና ግንባታ የተማራችሁ፣ ዛሬ ስለ አንድ ማኮብኮቢያ ላውራችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጦርነት ታሪክ አነባለሁ። ጀግኖቹ ላይ ብዙም አልቆይም። ጠጠሩን ማን አመጣው፣ ማንስ ደለደለው እያልኩ ነው የማነበው፤ የሙያ አባዜ ነው መቼስ።

ቦታው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የሰለሞን ደሴቶች አካል፣ ጓዳልካናል ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ጃፓኖች ሉንጋ በሚባለው ጠረፍ አየር ማረፊያ መሥራት ጀመሩ፤ ኮሪያውያን የጉልበት ሠራተኞችም አብረው ነበሩ። ይህ ሜዳ ካለቀ አሜሪካን ከአውስትራሊያ የሚያገናኘው የባሕር መስመር አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ማሪኖች ኦገስት 7 ደሴቲቱ ላይ ወረዱ፣ በማግሥቱም ሜዳውን ያዙ።

ጃፓኖቹ ከሁለቱም ጫፍ ጀምረው ወደ መሃል እየመጡ ስለነበር፣ መሃሉ ላይ ወደ 60 ሜትር ገደማ ሳይሞላ ቀርቷል። በዚያ ላይ በሳቮ ደሴት አጠገብ የአሜሪካና የአጋሮቿ መርከቦች በሌሊት ክፉኛ ተመቱና፣ ዕቃ ጫኞቹ ከባዱን ማሽን ሳያራግፉ ሄዱ። ማሪኖቹ ታዲያ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ጃፓኖች ጥለውት በሸሹት መኪናና ሮለር ሥራውን ጨረሱት፣ ሩዛቸውንም እየበሉ። ኦገስት 20 ቀን 19 ተዋጊና 12 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አረፉበት። ስሙንም በሚድዌይ ውጊያ በሞተው አብራሪ በሻለቃ ሄንደርሰን ሰየሙት።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሜዳው ሲዘንብ ጭቃ፣ ፀሐይ ሲወጣ አቧራ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ቦምብ ይወርድበታል። በሴፕቴምበር የደረሱት ሲቢስ የሚባሉት የባሕር ኃይሉ ግንበኞች ምን አደረጉ መሰላችሁ? አንድ ጉድጓድ ስንት ሙሌትና ስንት የብረት ንጣፍ እንደሚፈጅ አስቀድመው አሰሉ፣ ያንኑ ልክ በየመኪናው ጭነው ዳር ላይ አቆሙ። ቦምቡ እንደወደቀ ሮጠው ይደፍናሉ። ገረጋንቲው ከጉዳቱ በፊት ተዘጋጅቶ መቆሙ ነው ቁም ነገሩ። ኦክቶበር 13 ሌሊት ኮንጎና ሃሩና የተባሉት የጃፓን የጦር መርከቦች ከ900 በላይ ትልልቅ ጥይት አዘነቡበት፣ ከግማሽ በላይ አውሮፕላን ከጥቅም ውጭ ሆነ፣ ነዳጁም ተቃጠለ። ከተሰባበሩት አውሮፕላኖች ነዳጅ እየቀዱ ግን መብረራቸውን አላቆሙም።

እንግዲህ ሥራ ስትይዙ ሪባን የሚቆረጥበትን ፕሮጀክት ብቻ አትመኙ። ጥገና ክፍል ቢመድቧችሁ አታኩርፉ፤ መንገድ የት እንደሚበላሽ፣ ውሃው በየት እንደሚያመልጥ የምታዩት እዚያ ነው። ዲዛይን ስትሠሩም ይህ ሲሰነጠቅ መለዋወጫው የት ይቀመጣል፣ ማንስ ይጠራል ብላችሁ ጠይቁ። አለቃችሁ ሊሰለች ይችላል፣ ይሰልች።

ጃፓኖች በፌብሩዋሪ 1943 ደሴቲቱን ለቀው ወጡ። ሜዳው ዛሬ የሆኒያራ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ነው፤ ዋና ከተማዋ ሆኒያራ ራሷ ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካኖቹ ሰፈር በነበረበት ላይ የተቆረቆረች ናት። ያልፈነዳ ጥይት ግን እስከ ዛሬ ከመሬቱ ይወጣል፣ ሰውም ይገድላል። ጓሮውን የሚቆፍረው የአገሬው ገበሬ ጦርነቱን አልጀመረውም። ይኼኛውን ጥገና በማን በጀት እንደሚሠራ አጥብቆ የሚጠይቅ መሐንዲስ ከእናንተ መሃል ቢወጣ ደስ ይለኛል።